እንስሳ እንኳን አያደርገውም?

"እንስሳ እንኳን አያደርገውም" የምትለዋን ነገር ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ታክሲ ውስጥ በላት፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ በላት፣ ቲክቶክ ላይቭ ላይ በላት፣ ወሬው ወደ ተመሳሳይ ፆታ ከዞረ አንድ ሰው አይጠፋም ጉሮሮውን ጠርጎ "ኧረ ተዉ እባካችሁ፣ እንስሳ እንኳን አያደርገውም" የሚል፣ ከዛ ሁሉም ራሱን ይነቀንቅና ወሬው እዛው ላይ ይዘጋል። በሌላ ወገን ደግሞ፣ በተለይ ውጭ ካደጉት ልጆች፣ ግልባጩ ይመጣል፣ "1500 ዓይነት እንስሳ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ተፈጥሮ ነው፣ ጨርሰናል" ይላሉ። ይቺ ቁጥር የገነነችው በ2006 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የኦስሎ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በጉዳዩ ላይ ኤግዚቢሽን ካዘጋጀ ወዲህ ነው፣ እነሱም ራሳቸው በደንብ ተመዝግቦ የተያዘው ወደ 500 የሚሆነው ነው ብለው ነበር፣ ግን ትንሿን ቁጥር ማን ሼር ያደርጋል። ሁለቱም ወገን እንስሳውን ምስክር አድርጎ ይገትረዋል፣ እንስሳው በትክክል ምን እንደሚያደርግና መቼ እንደሚያደርገው ግን ቁጭ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እኔን የሚገርመኝ "እንስሳ እንኳን" የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የከተማ ሰው መሆኑ ነው። ላም ያረባ ሰው ይሄን አይልም፣ ሊልም አይችልም፣ እንጀራው ነዋ።

አጎቴ ሱሉልታ ጥቂት የወተት ላሞች አሉት፣ የፈረንጅ ክልስ ናቸው፣ ጥቁርና ነጭ። እሱ ጋ ያደረ ሰው አንዳንድ ጠዋት የሚነቃው አላቢው ልጅ ከበረት "ጋሼ! ቡሬ ላይ ወጡባት፣ ቆማለች!" ብሎ ሲጮህ ነው። ማለትም ሌላዋ ላም ከኋላ መጥታ የፊት እግሮቿን አንስታ ልክ እንደ ኮርማ ላይዋ ላይ ወጥታለች፣ ቡሬ ደግሞ አልሸሸችም፣ አልተራገጠችም፣ ጅራቷን ወደ ጎን አድርጋ ዝም ብላ ቆማለች። አጎቴ ጋቢውን እንደተከናነበ ስልኩን ያነሳና አዳቃዩ ጋ፣ ያለ ኮርማ በመርፌ ዘር ሰጥቶ ላም የሚያስረግዘው ባለሙያ ጋ ይደውላል፣ ዶክተር ባይሆንም "ዶክተር" ነው የሚለው፣ "ዶክተር እንደምን አደሩ፣ ቡሬ ዛሬ ጠዋት ቆማለች፣ እባክዎ ወደ ማታ ብቅ ይበሉልኝ" ይላል፣ አለቀ። አዳቃዩ ማታ በሞተር ሳይክል የናይትሮጅን ጋኑን ጭኖ ይመጣል።

ለምን ማታ? ሕጉ ቀላል ነው፣ ጠዋት የታየች ማታ፣ ማታ የታየች በነጋታው ጠዋት። ላም ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ አጭር ነው፣ ግማሽ ቀን ቢሆን ነው፣ ከዛ ትንሽ ያልፍ ይሆናል፣ እንቁላሉ የሚለቀቀው ደግሞ ያ ስሜት ካለፈ በኋላ ስለሆነ የኮርማው ዘር ቀድሞ ገብቶ መጠበቅ አለበት። ካመለጠ ሌላ 21 ቀን ነው የሚጠበቀው፣ 21 ቀን ሙሉ ፉርሽካና ፋጉሎ እያበሉ፣ በዛሬ የመኖ ዋጋ አስቡት። ስለዚህ ገበሬው የሚጠብቀው ምልክት ምንድን ነው? ወተቷ ይቀንሳል፣ ትጮሃለች፣ ከኋላዋ እንደ እንቁላል ነጭ የጠራ ዝልግልግ ነገር ይወርዳል፣ ግን እነዚህ ሁሉ አጋዥ ናቸው። ዋናው፣ አዳቃዩም ስልክ ላይ መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ "ሌላ ላም ስትወጣባት ቆማለች?" የሚለው ነው። ሴት ሴት ላይ ስትወጣ ማለት ነው። ማንም አይቶ ካልደረሰ እንኳን ጅራቷ ስር ያለው ጸጉር ተፋፍቆ፣ ጎንና ጎኗ ላይ የሌላዋ ሸሆና የለጠፈው ጭቃ ይገኛል፣ አጎቴ እሱን በጣቱ እየነካ ነው የሚያነበው። ውጭ አገር ትልልቅ እርሻዎች ላይማ ላሞቹ ጅራት ሥር ቀለም ይቀቡና ጠዋት ቀለሙ የተፋቀባትን ለይተው ያስወጣሉ። አንድ ሙሉ ኢንዱስትሪ የቆመው በዚህ ምልክት ላይ ነው፣ የምትጠጡት ማኪያቶ ውስጥ ያለው ወተት ጭምር።

ነገሩ ሆርሞን ነው፣ ኢስትሮጅን ከፍ ሲል የሚመጣ ነው፣ የምትወጣዋም ብዙ ጊዜ ራሷ ወደዛው የቀረበች ናት፣ ኮርማ ከሩቅ አይቶ እንዲመጣ የሚያደርግ ማስታወቂያ ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። እኔ ግን ልነግራችሁ የፈለኩት ሌላ ነው። ሱሉልታ ላይ ይሄን ሲያይ የሚደነግጥ ሰው አላየሁም። ቄሱም ያልፋሉ፣ ሼሁም ያልፋሉ፣ ሁለቱም ቤታቸው ላም አላቸው፣ ቢበዛ "የከሌ ላም ኮርማ ፈልጋለች፣ ንገሩት" ብለው ነው የሚያልፉት። ያዩትን ነገር ስም አውጥተው ክርክር አላደረጉትም፣ ሥራ አደረጉት።

አሁን ደግሞ ያልተለመደውን፣ አይቶ የደነገጠውን ሰው ላምጣላችሁ። ጆርጅ ሙሬይ ሌቪክ ይባላል፣ እንግሊዛዊ የባሕር ኃይል ሐኪም ነው፣ ከካፒቴን ስኮት የአንታርክቲካ ጉዞ ጋር የሄደ። በ1911 እና 1912 መካከል ያለውን የዛን አገር በጋ ኬፕ አዴር የሚባል ቦታ ላይ የአዴሊ ፔንግዊኖችን ሲመለከት አሳለፈ፣ እዛ የፔንግዊን መንደር ሙሉ የመራቢያ ወቅት ቁጭ ብሎ የተመለከተ የመጀመሪያው ሰው ነው። መጀመሪያ ላይ እንቁላል ስለመታቀፍ፣ ለጎጆ ጠጠር ስለመሰራረቅ ምናምን በጨዋ እንግሊዝኛ ይጽፋል። ከዛ ወንድ ከወንድ ጋር ያያል፣ ወንዶቹ በድን ሆና በረዶ ላይ በቀረች ሴት ላይ ሲወጡም ያያል፣ እዚህ ጋ ሲደርስ ማስታወሻውን በግሪክ ፊደል መጻፍ ጀመረ። ቀልድ አይደለም። ተራው መርከበኛ ደብተሩን ቢያነሳ እንዳያነበው ነው፣ የተማረ ጌታ ብቻ ነው የሚያነበው የሚል ሒሳብ።

ለንደን ሲመለስ የወሲቡ ክፍል ከዋናው የጉዞ ሪፖርት እንዲወጣ ተደረገ፣ ለብቻው በ1915 በ100 ኮፒ ብቻ ታተመ፣ ላዩ ላይ "ለሕትመት ያልሆነ" የሚል ተጽፎበት፣ ለሚታመኑ ሊቃውንት ብቻ ታደለ። ከዛ ጠፋ። በኋላ የእንግሊዝ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ዳግላስ ራስል የሚባል የወፍ እንቁላል ክምችት ኃላፊ አንዱን ኮፒ አግኝቶት በ2012 ለሕዝብ ወጣ። ወደ መቶ ዓመት ገደማ ነው። ይሄ ሰው እኮ ፈሪ አልነበረም፣ እዛው ጉዞ ላይ እሱና አምስት ጓደኞቹ መርከብ ሳይመጣላቸው ቀርቶ በረዶ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው አንድ ሙሉ ክረምት ፔንግዊንና የባሕር አቆስጣ እየበሉ ተርፈዋል። የፔንግዊን ነገር ነው የከበደው። የፔንግዊኖቹን ነገር ዛሬ ራስልና ባልደረቦቹ ሲያብራሩት ልምድ የሌላቸው ጎረምሳ ወንዶች ናቸው ይላሉ፣ የተኛ አካል ሁሉ "ፈቃደኛ ሴት" ይመስላቸዋል፣ በድኑም ጭምር። ሌቪክ ግን እንደ ወንጀለኛ ነው የጻፈባቸው፣ የሰፈር ዱርዬ አድርጎ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ የላሟም የፔንግዊኑም ነገር "ተመሳሳይ ፆታ" በሚል አንድ ቅርጫት ውስጥ ይገባል፣ ግን ምንም አያገናኛቸውም። አንዱ የሆርሞን ምልክት ነው፣ አንዱ የጎረምሳ ስህተት ነው። ነገሩን ባነበብኩት ቁጥር አንድ ነገር አለመሆኑ ነው እየገነነብኝ የመጣው።

ትኋንን እንኳን ውሰዱ (ይቅርታ፣ ምግብ ላይ ያላችሁ)። ወንዱ ትኋን ሴቷን የሚያገኛት ሆዷን እንደ መርፌ ባለ ነገር ወግቶ ነው፣ እና ሲፈልግ የሚመርጠው ገና ደም ጠጥቶ የተነፋውን ነው፣ ወንድ ይሁን ሴት አያጣራም። የተወጣበት ወንድ ከሆነ የአደጋ ጊዜ ሽታውን ይለቃል፣ "እኔ ወንድ ነኝ፣ ውረድ" እንደማለት፣ ያም ይወርዳል። ይሄን ከፍቅር ጋር ምን ያገናኘዋል? ምንም።

ከዛ ደግሞ አልባትሮስ አለች። ይቺን ታሪክ ከሁሉም በላይ እወዳታለሁ። ሃዋይ ኦዋሁ ደሴት ላይ ካኤና ፖይንት የሚባል ጫፍ አለ፣ እዛ የሌይሳን አልባትሮስ ይራባል። ትልቅ የባሕር ወፍ ነው፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ለብዙ ዓመት አብሮ የሚኖር፣ በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ የሚጥል፣ እንቁላሉን ሁለት ወር ከምናምን ተራ በተራ የሚታቀፍ። አንዷ ታቅፋ ሌላው ባሕር ላይ ሄዶ ይበላል፣ ይመለሳል፣ ይቀያየራሉ፣ ስለዚህ አንድ ወፍ ለብቻው ልጅ ማሳደግ አይችልም፣ ወይ እንቁላሉን ይተዋል ወይ በረሃብ ይሞታል። የውጭ አገር ሰው የታማኝ ትዳር ምሳሌ ሲፈልግ አልባትሮስን ነው የሚጠራው። ወንዱና ሴቷ ደግሞ በዓይን አይለዩም፣ ልክ አንድ ናቸው። እና ለአስርት ዓመታት የወፍ ተመራማሪዎች አንዳንድ ጎጆ ውስጥ ሁለት እንቁላል ያዩ ነበር፣ አንዷ ወፍ ሁለት መጣል አትችልም፣ ታዲያ ከየት መጣ? ሌላ ወፍ መጥታ ጥላ ሄዳ ነው ምናምን እየተባለ ታለፈ።

ሊንዚ ያንግ የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ የወፎቹን ዲኤንኤ አስመረመሩ፣ በ2008 ውጤቱ ወጣ፣ ከጥንዶቹ 31 በመቶው ሁለቱም ሴት። ከሦስት ጎጆ አንዱ ማለት እኮ ነው! ሰው ሁሉ ባልና ሚስት እያለ ፎቶ ሲያነሳቸው የኖሩ ወፎች። ምክንያቱ ደግሞ በጣም ተራ ነገር ነው፣ እዛ ያለው የወፎቹ መንደር አዲስ ነው፣ ከሌላ ደሴት የመጡት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ ወንድ አይበቃም፣ ሴቶቹ 59 በመቶ ነበሩ። ወንድ ያላገኘች ሴት ምን ታድርግ? ባለትዳር ከሆነ ወንድ ጋር ለአፍታ ትገናኝና እንቁላሏን ትጥላለች፣ ከዛ ከሌላ ሴት ጋር ሆና ትታቀፋለች። አንድ ጎጆ የሚይዘው አንድ እንቁላል ስለሆነ የአንዷ እንቁላል ተንከባሎ ይወጣል፣ ዘንድሮ የአንቺ ከሆነ ለከርሞ የእኔ ይሆን ይሆናል፣ አብረው ዓመታት ይቆያሉ። ከወንድና ሴት ጥንዶች ያነሰ ጫጩት ነው የሚያሳድጉት፣ ግን ጭራሽ ብቻዋን ከቀረችው በብዙ ይሻላሉ። አንገታቸውን ይተሻሻሉ፣ ላባ ይለቃቀማሉ፣ ያንን የታወቀውን የአልባትሮስ ጭፈራ ይጨፍራሉ። ይሄ ፍቅር ነው ወይስ ጎጆ ለማቆም የተደረገ ስምምነት? እኔ ለባልና ሚስት አልባትሮሶቹም ይሄን ጥያቄ የጠየቀ ሰው አላየሁም። ወፎቹ ምንም ሳይቀየሩ ዲኤንኤ ስለወጣ ብቻ ትናንት "ትዳር" ያልነውን ዛሬ "ስምምነት" ማለት ከጀመርን ነገሩ ከእኛ ነው።

በጎቹ ደግሞ የባሱ ናቸው፣ ምክንያቱም እዛ ላይ "ወንድ ስለጠፋ ነው፣ ሴት ስለጠፋች ነው" የሚለው አይሰራም። አሜሪካ አይዳሆ ዱቦይስ የሚባል ቦታ የመንግሥት የበግ ምርምር ጣቢያ አለ፣ እዛ ጉዳዩ የተነሳው ከሳይንስ ጉጉት ሳይሆን ከኪሳራ ነው፣ አንዳንድ አውራ በግ በውድ ተገዝቶ ሴቶቹ መሃል ሲለቀቅ ዞር ብሎ አያያቸውም። ፈተናው እንዲህ ነው፣ አውራውን በረት ውስጥ ያስገቡትና ሁለት ለወንድ የደረሱ ሴቶችና ሁለት ወንዶች ታስረው ይቀርቡለታል፣ ይምረጥ። ከ100 አውራዎች ወደ 8 የሚሆኑት ደግመው ደጋግመው ወንዱን ነው የሚመርጡት፣ ሴቶቹ እዛው አጠገባቸው ሆነው። ቻርልስ ሮዜሊ የሚባል የኦሪገን ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር አንጎላቸውን አይቶ በ2004 ባወጣው ሥራ ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ የነርቭ ሴሎች ስብስብ ሴት በሚመርጡት አውራዎች ላይ ወንድ ከሚመርጡት እጥፍ ገደማ ትሆናለች፣ ወንድ የሚመርጡት ላይ ያለችው ደግሞ ከሴቶቹ ጋር ትቀራረባለች።

ይሄ ሲሰማ ማን ተቆጣ መሰላችሁ? ወግ አጥባቂዎቹ አይደሉም። የእንስሳት መብት ተሟጋቾችና የግብረ ሰዶማውያን መብት ደጋፊዎች አብረው ተነሱ፣ "ነገ መድኃኒት አግኝተው ሰውን ሊቀይሩበት ነው" ብለው፣ የቴኒሷ ኮከብ ማርቲና ናቭራቲሎቫ ሳትቀር በ2006 ምርምሩ እንዲቆም ደብዳቤ ጻፈች። ያው በግ እኮ ነው፣ ያው 8 በመቶ፣ "ተፈጥሮ ነው" ለሚለው ማስረጃ ሲሆን ይጨበጨብለታል፣ "ምክንያቱ ይሄ ነው" ሲባል ደግሞ ያስፈራል። አጎቴ ይሄን ታሪክ ስነግረው ሳቀ፣ ከዛ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ "ታዲያ ያንን አውራ ምን አደረጉት፣ ለፋሲካ ሸጡት?"

ቦኖቦን ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት በአጭሩ ልለፈው፣ ከኮንጎ ወንዝ በስተደቡብ ብቻ የሚኖር የቺምፓንዚ ዘመድ ነው፣ ሴቶቹ ጥሩ ምግብ ያለበት ዛፍ ሲያገኙ ከመጣላት ይልቅ ፊት ለፊት ተቃቅፈው ይተሻሻሉና ከዛ አብረው ይበላሉ። ከሌላ መንጋ የመጣች ወጣት ሴት የምትገባው በዚህ ነው፣ ሴቶቹ በዚህ መልክ ስለሚተሳሰሩ ወንዱ ብቻውን አይደፍራቸውም። እኛ ጉርሻ የምንለው ዓይነት ነገር ይመስለኛል፣ ማን ከማን ጋር እንደሆነ የሚታይበት።

የጦጣዎቹ ግን አዲስ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ፖርቶሪኮ አጠገብ ካዮ ሳንቲያጎ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች፣ በ1938 ከእስያ የመጡ ሬሰስ ጦጣዎች ተለቀቁባት፣ ከዛ ጀምሮ እነማን የእነማን ልጆች እንደሆኑ ይመዘገባል፣ የዘር ሐረጋቸው ከብዙዎቻችን የተሻለ ይታወቃል። የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች 236 ወንዶችን ሦስት ዓመት ተከታትለው በ2023 ሲያወጡት 72 በመቶው ወንድ ላይ ሲወጣ ታይቷል፣ ሴት ላይ ሲወጣ የታየው 46 በመቶው ነው። በዘር የሚተላለፈው ድርሻ ትንሽ ነው፣ 6.4 በመቶ፣ ግን አለ። "ልጅ የማያስገኝ ነገር እንዴት ይወረሳል?" የሚለው የድሮ ጥያቄም እዚህ መልስ አገኘ፣ እነዚህ ወንዶች ከሌሎቹ ያነሰ ልጅ አልወለዱም፣ እንዲያውም እርስ በርስ የሚወጣጡት ጠብ ሲነሳ ጎን ለጎን የሚቆሙት ናቸው። በሌላ አነጋገር እዛ ደሴት ላይ አብዛኛው ወንድ ወይ ይሄ ወይ ያ አይደለም፣ ሁለቱንም ያደርጋል፣ ልጅም ይወልዳል፣ ኑሮውም ይቀጥላል።

ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ መካነ አራዊት ውስጥ የነበሩት ሮይና ሳይሎ የሚባሉት ሁለት ወንድ ፔንግዊኖች ግን ኑሯቸውን በሰላም አልቀጠሉም፣ ሰው ገባበት። አብረው ጎጆ ሠሩ፣ ድንጋይ እንደ እንቁላል ሲታቀፉ ተንከባካቢያቸው አይቶ ከሌሎች የተረፈ እውነተኛ እንቁላል ሰጣቸው፣ ፈልፍለው ታንጎ የምትባል ጫጩት አሳደጉ። ከዛ አሜሪካ በሁለት ተከፈለች፣ ለአንዱ ወገን ባንዲራ ሆኑ፣ የልጆች መጽሐፍ ተጻፈላቸው፣ ለሌላው ወገን ያ መጽሐፍ ከላይብረሪ የሚወጣ መርዝ ሆነ። ስድስት ዓመት ገደማ ቆይተው ሳይሎ ከካሊፎርኒያ የመጣች ስክራፒ የምትባል ሴት ፔንግዊን ጋ ሄደ፣ በዚህን ጊዜ ደግሞ ያኛው ወገን ጨፈረ፣ "አያችሁ ተመለሰ!" እያለ። ሮይ አጥር ጥግ ብቻውን መቆም ጀመረ ተብሎ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሁለት ፔንግዊን! ድምፅ አይሰጡ፣ ቤተ ክርስቲያን አይሳለሙ።

እንስሳን እንዲህ በሰው ክርክር ውስጥ መክተት አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ እኛ ዘንድ ከአክሱም ዘመን ጀምሮ አለ። ፊሳልጎስ የሚባለው መጽሐፍ፣ በመጀመሪያዎቹ የክርስትና ክፍለ ዘመናት በግሪክኛ ተጽፎ ወደ ግዕዝ የተተረጎመው፣ እንስሳቱን አንድ በአንድ እየጠራ ከእያንዳንዱ ትምህርት ያወጣል። ግሪክኛው ስለ ጅብ ሲናገር አንዴ ወንድ አንዴ ሴት የሚሆን ርኩስ አውሬ ነው ይልና አንተ ሰው ግን እንደ ጅብ አትሁን ብሎ ይመክራል። አርስቶትል እኮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን "ይሄ ውሸት ነው" ብሎ ጽፎ ነበር፣ ማን ሰማው። የሐረር ሰው የሚቀልበው ነጠብጣቡ ጅብ ደግሞ ለሐሜት የተመቸ ነው፣ ሴቷ ከውጭ ስትታይ የወንድ የሚመስል ብልት አላት፣ በሱ ትሸናለች፣ በሱ ትወልዳለች፣ ከወንዱም ትበልጣለች ትገዛዋለችም፣ ሴትና ወንድ ሆነው ሲገናኙም ሁለት ሴት ሆነው ሲገናኙም ሰላምታቸው አንዱ የአንዱን ማሽተት ነው። ይሄን በሌሊት በፋኖስ ያየ ሰው ጅቡ ፆታ ቀየረ ቢል አልፈርድበትም።

ግን ክርክሩን ተመልከቱት። ያኔ የነበረው "እንስሳ ስለሚያደርገው አንተ አታድርገው፣ አንተ ሰው ነህ" ነበር። ዛሬ ደግሞ "እንስሳ እንኳን ስለማያደርገው አንተ አታድርገው" ሆነ። ፍርዱ ያው፣ ማስረጃው ግን መቶ ሰማንያ ዲግሪ ዞሯል። ማስረጃ ተገልብጦ ፍርድ ካልተገለበጠ ፍርዱ መጀመሪያውንም ከማስረጃው አልመጣም ማለት ነው። ለሌላውም ወገን ያው ነው የምለው፣ ነገ አንድ ሰው መጥቶ 1500ው ሁሉ ስህተት ነው ብሎ ቢያረጋግጥ የሰዎቹ መብት አብሮ ይጠፋል? ካልጠፋ ለምን እዛ ላይ ተሰቀለ? በእኛ አቆጣጠር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629፣ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን የሚቀጣው፣ ላም አይቶ አልተጻፈም፣ የሚከራከርበትም ላም ማምጣት አያስፈልገውም፣ በእምነትም ይምጣ በሕግም ይምጣ በሰው ክብርም ይምጣ፣ ሰው ሆኖ ይምጣ። እኔ በበኩሌ አንድ ሰው ማንን ወደደ ብሎ እስር ቤት መላክ አይዋጥልኝም፣ እንዲህ ያሰኘኝ ግን አልባትሮስ አይደለም። የማይዋጥለት ሌላም አለ፣ ከሱ ጋር መከራከር እችላለሁ፣ "እንስሳ እንኳን" ብሎ ከጀመረ ግን መጀመሪያ ሱሉልታ ደርሶ ይምጣ ነው የምለው።

ከእንስሳ ሥነ ምግባር እንማር የሚል ካለ ደግሞ ሩቅ አይሂድ፣ ስሜን ተራራ ላይ የራሳችን ጭላዳ አለ። የፌስቡክ ሰው ፎቶውን ሲለጥፍ "የፍቅር ቤተሰብ" ምናምን ይልበታል፣ እውነትም ያምራሉ፣ ደረታቸው ላይ ያ ቀይ ነገር፣ ሣር እየነጩ ቁጭ ብለው ሲያወሩ። ቤተሰቡ አንድ አውራና ብዙ ሴቶች ነው። ሴት ያላገኙት ወንዶች ለብቻቸው የወንዶች ቡድን ሆነው ለዓመታት አብረው ይዞራሉ፣ ከዛ ከመካከላቸው አንዱ ይነሳና የሆነ ቤተሰብ ላይ ገብቶ አውራውን ያባርረዋል። ከዛ በኋላ ያለውን ነው ማንም የማይለጥፈው፣ አዲሱ አውራ ብዙ ጊዜ የፊተኛውን ግልገሎች ይገድላል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስሜን ላይ ተከታትለው በ2012 ያወጡት ደግሞ እርጉዞቹን ነው፣ አውራ ሲቀየር 80 በመቶ የሚሆነው እርግዝና ይቋረጣል፣ ሴቶቹ ራሳቸው ቶሎ ከአዲሱ እንዲያረግዙ። ፍጹም ተፈጥሯዊ ነው፣ በሆርሞን ተለክቶ የተረጋገጠ፣ በዩኔስኮ በተመዘገበ ፓርክ ውስጥ። የእንጀራ ልጁን የገደለ ሰው ጠበቃ ግን እስከዛሬ ፍርድ ቤት ጭላዳ ሲጠራ አልሰማሁም።